ጠጠሩን ከመብሳትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልመለስኩልህም። አባትህ ከአዲስ አበባ የላኩልህ በእጅ የተፈለፈለ የወይራ ቼዝ አለህ። አሁን ደግሞ ከሰው ላይ የዲጂቲ ሰሌዳ ገዝተሃል፣ የጠጠሮቹን እንቅስቃሴ ራሱ እያነበበ ወደ ኮምፒውተር የሚልከውን የኤሌክትሮኒክስ ቼዝ ሰሌዳ። ሰሌዳው እነዚህን ጠጠሮች እንዲያውቃቸው ማድረግ ይቻላል ወይ፣ ከተቻለስ ራሴ ልሥራው ወይስ ለባለሙያ ልስጥ ነው ያልከው። ይቻላል። እኔ ሁለት ቼዝ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ፣ ሁለተኛው ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። የምነግርህ አብዛኛው ነገር ከተበላሸው የተማርኩትን ነው።

ከእኔ በፊት የመለሰልህ አንድ ሰው «ቺፕ ገዝተህ ከሥሩ ለጥፍ፣ አለቀ» ብሎሃል። አላለቀም። እሱ የሚያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ሰሌዳ ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠጠሩ መኖሩን ብቻ የሚያውቅ አለ። እሱ በየካሬው ሥር ማግኔት ሲጠጋው የሚገጣጠም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ጠጠሩ ሥር ማግኔት ካለ በቂው ነው። ማን የት እንደቆመ የሚያውቀው ከመነሻው አሰላለፍ ተነስቶ እየቆጠረ ነው። ሁለተኛው የአርኤፍአይዲ መለያ (በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ትንሽ ቺፕ) የሚያነብ ነው። መለያው ቁጥር ብቻ ነው የሚናገረው። ይሄኛው ቁጥር ነጭ ንግሥት ነው ብለህ መጀመሪያ ማስተማር አለብህ። ለጥፍ ያለህ ሰውዬ ይሄን ይመስለኛል የሚጠቀመው። ያንተ ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ በኮይል (በተጠመጠመ ሽቦ) የሚሠራው። የአንዱ ድርጅት ኮይል ደግሞ ለሌላው ድርጅት ሰሌዳ አይሆንም፣ ስለዚህ ርካሽ አገኘሁ ብለህ ሌላ እንዳትገዛ።

የዲጂቲ አሠራር ሲገባህ የቀረው ሁሉ ይቀልልሃል። በየጠጠሩ ውስጥ የሚገባው ነገር ፌራይት (ማግኔት የሚስበው ሴራሚክ መሰል ነገር) ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦና አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው። ባትሪ የለውም። ክራር አስብ። እያንዳንዱ ክር የራሱ ቅኝት አለው አይደል? እዚህም የነጭ ንጉሥ የራሱ ፍሪኩዌንሲ አለው፣ የጥቁር ፈረስም የራሱ፣ በድምሩ 12 ዓይነት። ሰሌዳው ካሬዎቹን በየተራ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ኮይሉ በራሱ ቅኝት ይመልሳል፣ ሰሌዳው ደግሞ «እዚህ ጥቁር ፈረስ ቆሟል» ይላል። ለዚህ ነው ጠጠሮቹን በፈለግከው ቦታ ብትደረድራቸው የሚያውቃቸው። ስምንቱ ነጭ ወታደሮች አንድ ዓይነት ኮይል ነው ያላቸው፣ እርስ በርስ ብታለዋውጣቸው ግድ የለውም።

አሁን ትራፓኖውን ተወውና ማስመሪያ አንሳ። የዲጂቲ የእንጨት ሰሌዳ ካሬ ጎኑ 55 ሚሊሜትር ነው። ፊዴ (ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ለውድድር የሚለው ንጉሥ ቁመቱ 9.5 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ የመቀመጫው ስፋት ደግሞ ከቁመቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ያንተ ንጉሥ ከዚህ በጣም ከሰፋ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ሁልጊዜ መሀል ላይ አይቆምልህም። አራት ወታደር አንድ ካሬ ላይ ሰብስበህ ሞክር፤ ከተቃቀፉና ከገቡ ደህና ነው። በእጅ የተፈለፈለ ዕቃ ላይ ደግሞ ሁለቱ ፈረሶች ራሱ እኩል አይሆኑም፣ ስለዚህ ሁሉንም ለካ። ወታደሮቹን በተለይ። የሚሰነጠቁት እነሱ ናቸው፣ ወገባቸው ቀጭን ነው።

ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ። ብረት።

የመጀመሪያው ቼዜ ከገበያ የተገዛ ነበር። ክብደት እንዲኖረው ከሥሩ ብረት የተጨመረበት ዓይነት። ብረቱን አውጥቼ ኮይሉን አስገባሁና ጠጠሩ ቀለለብኝ። የቀለለ ቼዝ አልወድም፣ እጅ ላይ እንደ ፈንዲሻ ነው የሚሆነው። እናም ብልጥ ነኝ ብዬ ከኮይሉ ዙሪያ የብረት ሮንዴላ አደረግኩበት፣ በኮላ አጣበቅኩ፣ ጨርቁን መለስኩ፣ አምሮብኝ አደርኩ። በማግሥቱ ንጉሡ ሰሌዳው ላይ የለም! ጳጳሱ አንዴ ይነበባል አንዴ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ጨዋታው የጨበራ ተዝካር ሆነ። ሌላ ቀን ሙሉ ሰሌዳው ተበላሽቶ ነው እያልኩ ሶፍትዌር ስፈታና ስጭን ዋልኩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብረት ኮይሉ አጠገብ ሲሆን ቅኝቱን ይለውጠዋል፣ ድምፁንም ይውጠዋል። እንደ ሮንዴላ ክብ ሆኖ ከዞረው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ቀለበቱ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት መንገድ ይሆናል። ናስም መዳብም እርሳስም ይህንኑ ያደርጋሉ፣ በማግኔት ባይሳቡም። ስለዚህ «ማግኔት አልያዘውም፣ ብረት የለበትም» ብለህ አትተማመን። ያንተ ወይራ ስለሆነ ምናልባት ክብደት አልተጨመረበትም፣ ወይራ ራሱ ከባድ ነው። ግን አንዳንድ ጠራቢ ከሥር ብሎን ወይም እርሳስ ይከታል (የሚጻፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው የምልህ)። ጨርቁን ሳታነሳ አታውቅም። ጨርቁን ለማንሳት የፀጉር ፎን አሙቀህ ያዝበት፣ ኮላው ይለሰልሳል፣ በቀጭን ቢላ ቀስ ብለህ ታነሳዋለህ። እርሳስ ካገኘህ በባዶ እጅህ አትነካካው፣ ዱቄቱም እንዳይበን፣ መርዝ ነው።

ክብደት የግድ ከፈለግክ ከኮይሉ በላይ አርቀህ አድርገው፣ በመሀላቸው እንጨት ይኑር። እኔ ሁለተኛው ላይ ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጌ ከላይ ትንሽ ክብደት፣ ከዚያ የእንጨት ውታፍ፣ ከዚያ ኮይሉን አደረግኩ። ለወታደሮቹ ቦታ ስላልነበረ ደቃቅ አሸዋ በኤፖክሲ ለውሼ ሞላሁባቸው። ከብረት ጋር አይወዳደርም ግን ምንም አይረብሽም።

አበሳሱን በተመለከተ። ልጅ ሆኜ አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው፣ ክረምቱን እዚያ ነው የማሳልፈው። አንድ የሚለው ነገር ነበር፣ ሞርሳ ላይ ሳታስር አትብሳ። ቼዝ ግን ሞርሳ ላይ እንዴት ይታሰራል? ጭንቅላቱ ለስላሳ ነው። የአንዱን ፈረሴን ጆሮ የሰበርኩት ይህን ሳላስብ ነው። መፍትሔው ወፍራም ጣውላ ላይ የጠጠሩ አካል የሚገባበት ቀዳዳ አውጥተህ፣ ጣውላውን ለሁለት ሰንጥቀህ፣ በውስጡ ጨርቅ ወይም ጎማ አልብሰህ፣ ጠጠሩን ገልብጠህ በሁለቱ ግማሽ መሀል መያዝ ነው። ሞርሳው ጣውላውን ይጨምቃል፣ ጣውላው ጠጠሩን ያቅፋል።

ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ) ከኮይሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የሚሰፋ ይሁን። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጉድጓዱን ሜዳ አድርጎ የሚተወው የእንጨት ፑንታ ይሻላል። ምን ያህል እንደሚገባ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠምጥመህ ምልክት አድርግ። ቀስ ብለህ ብሳ፣ በየመሀሉ አውጥተህ አራግፍ፤ ወይራ ሲግል ይጨሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ትራፓኖውን በእጅ ከመያዝ መቆሚያ ያለውን ብትዋስ ይሻልሃል። ኮይሉ ቀጥ ብሎ ነው መቆም ያለበት። ከተንጋደደ ይደክማል።

ጥልቀቱ ላይ አትሳሳት። ኮይሉ ወደ ታች በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ከጨርቁ በላይ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ገባ ይበል። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ላይ ስታርቀው መልሱ ቶሎ ይደክማል፣ ካሬው ጠርዝ ላይ ሲቆም ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

አሁን የሲኒውን ታሪክ ልንገርህ። ኮይሎቹን በዓይን መለየት ከባድ ነው፣ ከመለያ ከረጢታቸው አንዴ ካወጣሃቸው አለቀልህ። የመጀመሪያው ላይ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ፣ ስልክ ተደወለልኝ፣ ተመልሼ ስመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ። በግምት አስገባሁ። ነጭ ንግሥቴ ለሁለት ሳምንት ጥቁር ጳጳስ ሆና ኖረች። ለሁለተኛው 12 ሲኒ ደረደርኩ፣ በየሲኒው የጠጠሩን ስም ጻፍኩ፣ ኮይሎቹን ከየከረጢታቸው በቀጥታ ወደ ሲኒያቸው። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትል ሲኒ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በብርጭቆ ጠጣን። ግን አንድም አልተሳሳትኩም።

ከማጣበቅህ በፊት ፈትን። ይሄን ካልሰማኸኝ የቀረውን ባትሰማ ይሻላል። ኮይሉን በማስቲካ ለጊዜው ያዘው፣ እውነቴን ነው፣ የታኘከ ማስቲካ። ጠጠሩን ካሬው መሀል አቁመው፣ ከዚያ በአራቱም ማዕዘን። ከጎኑ ያሉትን ካሬዎች ሙላና ድገመው። አንሳው፣ ጣለው፣ አንሸራትተው። ከዚያ 32ቱንም ደርድረህ አንድ ጨዋታ ሙሉ ተጫወት፤ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ላይቭቼስ በተባለው የዲጂቲ ፕሮግራም በኩል ማገናኘት ትችላለህ፣ ግን ረጋ ያለ ሰዓት ምረጥ፣ ለፈተና ብሊትዝ (በደቂቃዎች የሚያልቅ ፈጣን ጨዋታ) አይሆንም። ሰሌዳው የብረት ጠረጴዛ ላይ እንዳይሆን። እኔ በረንዳ ላይ ባለው የብረት ጠረጴዛ ፈትኜ አንድ ምሽት በከንቱ ተጨንቄያለሁ።

ማጣበቂያው ላይ፣ ቶሎ የሚይዘውን ሱፐር ግሉ አትጠቀም። ትነቱ የተወለወለ እንጨት ላይ ነጭ ጭጋግ ይተዋል፣ ኮይሉንም ዳግመኛ ማውጣት አይቻልም። በሙቀት የሚቀልጠው የፕላስቲክ ኮላ በቂ ነው። ነገ አንዱ ቢሞት ነቅለህ ትተካዋለህ።

ኮይሎቹ ሲሸጡ ብዙ ጊዜ 34 ናቸው፣ ሁለቱ ትርፍ ንግሥቶች ናቸው። ያንተ ቼዝ ግን ከየቀለሙ አንድ ንግሥት ብቻ ነው ያለው። ወታደርህ መጨረሻ ደርሶ ንግሥት ሲሆን በሁለተኛ ንግሥት ፋንታ እንደ ልማዳችን ግንብ ገልብጬ አቆማለሁ ብለህ ካሰብክ ተወው። ሲገለበጥ ኮይሉ ወደ ላይ ይሄድና ሰሌዳው ላያየው ይችላል፤ ካየውም ግንብ ነው የሚለው። በውድድርም ቢሆን የተገለበጠ ግንብ ያው ግንብ ነው። አባትህ ጠራቢውን የሚያውቁት ከሆነ ሁለት ንግሥት ይጨምርልህ። ዕድል ካለህ ከዚያው እንጨት።

ሌላው ልጅ ደግሞ «የጥንቱን ሰንጠረዥ ልንጫወትበት እንችላለን?» ብሎ ጠይቋል። ሰሌዳው ጠጠሩን ያነብባል፣ ችግሩ ሶፍትዌሩ ነው። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ወረራ አለ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋች ተራ ሳይጠብቅ እኩል ያንቀሳቅሳል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ የሚለውን መገመት ትችላለህ። ያንን በቀይ ጨርቃችን ላይ እንጫወተው።

ራስህ ሥራው ወይስ ስጥ ላልከው፣ ትራፓኖ ይዘህ የማታውቅ ከሆነ መብሳቱን ብቻ ለእንጨት ሠራተኛ ስጥ፣ ኮይሉን ራስህ አስገባ። እንጨት ሠራተኛው ሽቦውን አያውቅም፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ደግሞ ወይራውን አያውቅም። እኔ የመጀመሪያውን ሲበላሽ «ይሄማ ቀላል ነው» ላለኝ ጠጋኝ ሰጥቼ ሁለት ወታደር ተሰንጥቆ ነው የመጣልኝ። ደግሞ የአባት ስጦታ ነው፤ ከሥሩ ቢበሳም ጨርቁ ሲመለስ አይታይም፣ ግን ልብህ ካልፈቀደ አትንካው። ሌላ ርካሽ የእንጨት ቼዝ ገዝተህ እሱን ሥራ፣ የአባትህን በተራ ሰሌዳ ተጫወትበት። እኔ ብሆን መጀመሪያ አንድ የማያሳዝነኝ እንጨት ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ እለማመድ ነበር።

ለማንኛውም የወታደሩንና የፈረሱን መቀመጫ ስፋት ለካና ከሥራቸው ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ። ኮይሉ እጅህ ሲገባ ደግሞ በካሊፐር ለካው፣ የፑንታውን ቁጥር ያኔ እነግርሃለሁ።