ስህተቱን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት

በደሴና በኮምቦልቻ የዳታቤዝ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨሩ ስህተት 824 አለኝ። አጥፍቼ ላስነሣው?» ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ምንም እንዳትነካ፤ መጀመሪያ መልእክቱን እንዳለ ገልብጠህ አስቀምጥ» አልኩት።

በእሱ ዕድሜ ሳለሁ እንዲህ የሚለኝ ሰው አልነበረም። እዚያው ኮምቦልቻ የአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ዳታቤዝ በእጄ ነበር። መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት «ሰስፔክት» (የተጠረጠረ፣ የማይከፈት) ሆኖ አገኘሁት። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ አልተለወጠም። ከዚያ መልሼ ስሰካው የሚድን መስሎኝ ዳታቤዙን ከሰርቨሩ ነቀልኩት። የዛሬዎቹ እትሞች ይህን ይከለክላሉ፤ የያኔው አልከለከለኝም። ተመልሶም አልገባ። ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) በዚያው ዲስክ ላይ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳን መልሼ ሞክሬው አላውቅም። የሦስት ሳምንት ገቢና ወጪ ከሞዴል 19 እና ከሞዴል 22 ደረሰኞች ቅጂዎች ላይ እንደገና በእጅ ገባ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ፤ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠው ቁጥሩን ያነቡልኝ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር መረጃውን የሚያስቀምጠው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ነው። ገጹን ሲጽፍ ከይዘቱ ያሰላውን ቼክሰም የሚባል የማረጋገጫ ቁጥር አብሮ ይጽፋል፤ ሲያነብ እንደገና ያሰላዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ 824 ይመጣል። 823 ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ማንበብ ወይም መጻፍ ሲያቅተው የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚጠቁሙት ከሥር ያለውን ዲስክና ዲስኩን የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ነው፤ ሰርቨሩን ማስነሣት ይህን አይፈውስም።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን 825ን ነው። ንባቡ መጀመሪያ ከሽፎ በድጋሚ ሙከራ ተሳካ ማለት ነው። ሥራ አይቋረጥም፣ ተጠቃሚ አያማርርም፤ በስህተት መዝገቡ ውስጥ እንደ ተራ ማስታወሻ ተጽፎ ይቀራል። ለ823፣ ለ824 እና ለ825 ማንቂያ ሳታበጁ አንድም ሰርቨር አትረከቡ።

ችግሩ ሲገለጥ የዳታቤዙን ጤንነት የሚመረምረውን «ዲቢሲሲ ቼክዲቢ» የተባለ ትእዛዝ አስኬዱና ውጤቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ጉዳት የተገኘበት ኢንዴክስ (የመፈለጊያ ማውጫ) ቁጥር 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እፎይ በሉ፤ ኢንዴክሱን አቦዝናችሁ ከሠንጠረዡ እንደገና ትገነቡታላችሁ። 0 ወይም 1 ከሆነ ግን የተጎዳው ራሱ መረጃው ነው። ያን ጊዜ በቅድሚያ እስከዚያች ደቂቃ ያለውን ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ባክአፕ አድርጉ። የሎጉ ሰንሰለት ያልተቋረጠ ከሆነ የተጎዳውን ገጽ ብቻ ከባክአፕ መመለስ ይቻላል።

ቼክዲቢ በውጤቱ መጨረሻ ላይ «ሪፔር አላው ዳታ ሎስ» (መረጃ ቢጠፋም ጠግን) የሚል ሐሳብ ያቀርብላችኋል። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው። ስሙ ራሱ መረጃ እንደሚጠፋ እየተናገረ «ጥገና» የምትለዋን ብቻ ይሰማሉ። የተጎዳውን ገጽ ነቅሎ ይጥለዋል፤ ስህተቱ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ በገጹ ላይ የነበሩት ረድፎችም አብረው ይጠፋሉ። በሠንጠረዦች መካከል ያለውን ዝምድና አይጠብቅም፤ ደረሰኙ ሳይጠፋ ዝርዝሩ ሊጠፋ ይችላል። ባክአፕ ጨርሶ በሌለበት ቀን፣ ፋይሎቹን ገልብጣችሁ፣ የመረጃው ባለቤት ሰምቶ ከፈቀደ በኋላ ካልሆነ አትንኩት። ባለቤቱ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፣ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን።

ባክአፑንም ከነቼክሰሙ ውሰዱ፤ በየጊዜውም በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ቼክዲቢን በእሱ ላይ አስኬዱ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ አለቃም አያመሰግንበትም። ቢሆንም አድርጉት።

የዚያ ሌሊቱ ልጅ ያገኘው የኢንዴክስ ቁጥር 4 ነበር። ሳይነጋ ገንብቶ ጨረሰ። የስህተት መዝገቡን ወደ ኋላ እንዲያነብ ስነግረው 825 ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ተጽፎ አገኘው። አዲሱ ዲስክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ዳታቤዙን ወደ ሌላ ማሽን አዛውሮ እየጠበቀ ነው።