ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝ መኮንኖች ማዕድ በማን ገንዘብ?

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ያኔ 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ 1 ሽልንግ ደግሞ 12 ፔንስ ነበር።)

ጥያቄ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት መኮንኖቹን ያበላ ነበር እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አያበላም። ጦር ሰፈሩ ውስጥ የመመገቢያ አዳራሽና ወጥ ቤት ይሰጣል። የጠረጴዛ ልብሱ፣ የብር ዕቃው፣ የሚበላው ሁሉ ከመኮንኖቹ ኪስ ነው።

ጥያቄ፦ «የእንደራሴው አበል» የሚባለውስ?

መልስ፦ ስሙ ከ1811 እስከ 1820 እንደራሴ ከነበረው ከልዑል ጆርጅ የመጣ ነው። የወይን ጠጅ ቀረጥ ስለከበደ፣ አገር ውስጥ ላለ ጦር በየሻምበሉ በዓመት 25 ፓውንድ ይታሰብ ነበር። ባለ 10 ሻምበል ሻለቃ 250 ፓውንድ ያገኛል ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ማዕዱ ላይ 30 ሰው ካለ ግን ለአንዱ በቀን አምስት ፔንስ ተኩል እንኳ አይሞላም።

ጥያቄ፦ መኮንኖቹ ለማዕዱ የሚከፍሉት መዋጮስ ስንት ነው?

መልስ፦ ደንቡ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ መግቢያ እስከ 30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ 8 ቀን። የእግረኛ ጦር ጀማሪ መኮንን በቀን 5 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ያገኛል። ስለዚህ መግቢያው 7 ፓውንድ ከ17 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፣ ዓመታዊው 2 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ይመጣል። መቶ አለቃ ሲሆን ደሞዙ ወደ 6 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ያድግና የ30 ቀኑን ልዩነት፣ 37 ሽልንግ ተኩል፣ ይጨምራል። ምግብና መጠጥ እዚህ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይታሰባል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቢራ መቆጠብ አይቻልም ነበር?

መልስ፦ ነውር ነበር ወንድሜ! በ1840 በ11ኛው ሁሳር በሚባለው የፈረሰኛ ጦር ማዕድ ላይ ሻምበል ሬይኖልድስ ለእንግዳ ሞዘል የሚባለውን የጀርመን ወይን አዘዘ። ወይኑ በጥቁር ጠርሙስ ቀረበ። አዛዡ ሎርድ ካርዲጋን ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራ መሰለውና ነገሩ ሬይኖልድስን እስከ ማሰር ደረሰ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ድሃ እንዴት ይኖራል?

መልስ፦ ዊልያም ሮበርትሰንን ተመልከት። ከተራ ወታደርነት ተነስቶ በ1888 የፈረሰኛ መኮንን ሆነ። ደሞዙ በዓመት 120 ፓውንድ ገደማ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ በፈረሰኛ ጦር ለመኖር ግን ሌላ 300 ያስፈልጋል። ደሞዙ ሻል፣ ኑሮው ረከስ ወደሚልበት ህንድ ሄደ፤ ሌላው ሻምፓኝ ሲጠጣ እሱ ውኃ ይጠጣ ነበር። በ1920 የጦሩ ከፍተኛ ማዕረግ የሆነውን ፊልድ ማርሻልነት አግኝቷል።

ጥያቄ፦ መንግሥት ችግሩን አላየውም?

መልስ፦ አይቷል። በ1903 የመኮንኖችን ወጪ የመረመረው ኮሚቴ ከደሞዝ ውጭ በዓመት ለእግረኛ መኮንን 150፣ ለፈረሰኛ ከ600 እስከ 700 ፓውንድ የግል ገቢ እንደሚያስፈልግ ጽፏል።