ተባባሪዎቹ ሂትለርን እንዴት አሸነፉ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት እርስ በርስ ሳይተማመኑ እንዴት አብረው ማሸነፍ ቻሉ? ሁሌም ይገርመኛል። አንባቢያችሁ ከደሴ

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። መተማመኑ የግድ አላስፈለጋቸውም፤ ጠላታቸው አንድ ነበር። ትልቁ ነገር ማንን አስቀድመው እንደሚመቱ መስማማታቸው ነው። በ1941 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) አሜሪካን ፐርል ሃርበር በተባለው የባሕር ኃይል ሰፈሯ ላይ የመታቻት ጃፓን ብትሆንም፣ አሜሪካና እንግሊዝ «መጀመሪያ ጀርመን» ብለው ወሰኑ፤ የሁለቱን አገር ከፍተኛ አዛዦች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ የጋራ ኮሚቴም ዋሽንግተን ላይ አቋቋሙ። በ1944 ጦራቸውን ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲያሳርፉ የበላይ አዛዡ አሜሪካዊው አይዘንሃወር ነው፤ በሥሩ የምድሩን፣ የባሕሩንና የአየሩን ኃይል የመሩት ግን እንግሊዞች ነበሩ። ይሄ ቀላል አይደለም፤ ጄኔራል ለሌላ አገር ጄኔራል መታዘዝ ይከብደዋል።

ሌላው ስንቅና ትጥቅ ነው። አሜሪካ ለሶቪየት ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጉ የጭነት መኪኖችና ጂፖች ልካለች። የሶቪየቱ መሪ ስታሊንም ከአሜሪካና ከእንግሊዝ መሪዎች ጋር ቴህራን ላይ ሲሰበሰብ ቃል በገባው መሠረት፣ ጦሩ ኖርማንዲ ላይ ባረፈበት ሰሞን ቤላሩስ ውስጥ ጀርመኖችን ሲያጠቃ፣ ሂትለር ጦሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማዞር አቃተው። ከተባባሪዎቹ መሃል እጅግ ብዙ ደም የከፈለው የሶቪየት ሕዝብ ነው፤ ይሄ ሲረሳ በጣም ያናድደኛል።