መልስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት በፀሐይ ማሞቅ ይቻላል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ቤቴን በፀሐይ ብቻ ማሞቅ እችላለሁ ወይ ብለሃል፣ አዎ ትችላለህ፣ እንደውም ያንተ ከተማ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ጥርት ያለ ፀሐይ ስለሆነ በጣም ይመቻል።

አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው የጣውላ ሳጥን አሠራ፣ ውስጡ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ አስገባበት፣ ፊቱን በመስታወት ዝጋው፣ ከቆርቆሮው ጀርባ የበግ ፀጉር ወይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅጥቅበት (ፎም እንዳታደርግ፣ ሲግል ይቀልጣል)። በነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ ግድግዳ በኩል አድርገው፣ ቀጥ ብሎ ከሚቆም ደግሞ ጋደም ቢል ይሻላል ምክንያቱም እኛ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ ከፍ ትላለች። ከዛ ግድግዳውን ከታችና ከላይ ብሳና ከሳጥኑ ጋር አገናኘው፣ ቀዝቃዛው አየር በታች ይገባል ሲሞቅ ራሱ በላይ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ፋን ምናምን አያስፈልግም። ማታ ግን ሁለቱንም ቀዳዳ ድፈን፣ አለበለዚያ ዞሮ ቤቱን ያቀዘቅዘዋል።

ቀትር ላይ 1 ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1000 ዋት ፀሐይ ያርፋል፣ ግማሹን እንኳን ብትይዝ ቀላል አይደለም። ኮርኒስ ከሌለህ ግን መጀመሪያ እሱን አሠራ፣ ሙቀቱ በጣራው ነው የሚያመልጠው።

እና እባክህ ማታ በር ዘግተህ ከሰል አታስገባ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።