እንግዳ ሲመጣ ጸሎቴ ይስተጓጎላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሰው ግን አይጠፋበትም። ብዙ ጊዜ ዳዊቴን ገልጬ ገና ስጀምር በር ይንኳኳል። ተነሥቼ አስተናግዳለሁ፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ስነጫነጭ እውላለሁ። ለተቸገረ የምችለውን እመጸውታለሁ፤ ይህ አይበቃም ወይ? እንግዳ መቀበል የግድ ነው? የማላውቀው ሰው ቢመጣስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መነጫነጭሽን ሳትደብቂ በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ይህን ጠባያችንን ስለሚያውቅ «ያለ ማንጎራጎር እርስ በርሳችሁ እንግድነትን ተቀባበሉ» አለ (1ኛ ጴጥ. 4፥9)። ያኔም የሚያንጎራጉር ባይኖር ኖሮ ያችን ቃል ባልጨመራት።

የግድ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ። ጌታ በፍርድ ቀን ከሚያነሣቸው አንዱ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው ነው (ማቴ. 25፥35)። ልብ በዪ፤ «ተርቤ አብልታችሁኛል» የሚለውን ቀደም ብሎ ተናግሮታል። ስለዚህ ምጽዋት እንግዳ መቀበልን አይተካም። ምጽዋት ከደጅ ዘርግቶ መመለስ ይቻላል፤ እንግዳ ግን ጊዜሽንም፣ ወንበርሽንም፣ ገመናሽንም ይካፈላል። የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ስለ ጸሎቱ አብርሃምን እንይ። በቀትር ሙቀት ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። ዕድሜው 99 ነው፤ ከተገረዘም ገና ብዙ አልቆየም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሦስት ሰዎች ቆመው ሲያይ ሊቀበላቸው ሮጠ። ቁራሽ ላምጣላችሁ ብሎ በትንሹ ተናገረ፤ ከዚያ ግን ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ቶሎ ለውሺ አላት፤ ራሱም ወደ ከብቶቹ ሮጦ ጥጃ መረጠ (ዘፍ. 18፥1-8)። በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ግልባጩ ነው፤ «ቤቴ ቤትህ ነው» እንልና ሲመጣ እንደበቃለን። አባቶቻችን ሲተርኩ፣ ሰይጣን መንገድ ላይ ቆሞ እንግዳ ስላስቀረበት አብርሃም ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ጠበቀ ይላሉ። በመጨረሻ የመጡለት ሥላሴ ናቸው። «ቆዩ፣ ጸሎቴን ልጨርስ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ማንን ያስቆም እንደነበር አስቢው።

እናም በሩ ሲንኳኳ መዝሙሩ የቆመበት ላይ ምልክት አድርጊና ተነሺ። ሲሄዱ ከዚያው ቀጥዪ። (ይህን የምለው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው። ጸሎት ሲሰለቸው «ምነው ሰው በመጣ» እያለ በር በር ለሚያይ ሌላ ምክር አለኝ።)

አሁን ወደ ማንጎራጎሩ። የሚያደክምሽ «ምን አቀረበችልኝ ይለኝ ይሆን» የሚለው ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ጊዜ ሰው ቤት ተጋብዤ፣ የቤቱ እመቤት ጓዳ ገብታ ስትንጎዳጎድ፣ ዕቃ ሲጋጭ እየሰማሁ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻዬን ተቀመጥኩ። ወጥታ አጠገቤ አረፍ ያለችው ልሄድ ጫማዬን ሳስር ነው። የበላሁት ዛሬ ትዝ አይለኝም። ልታማክረኝ የፈለገችው ከባድ ጉዳይ እንደነበራት ግን ከጊዜ በኋላ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ፈሪሳዊው ስምዖንም ጌታን ለማዕድ ጠርቶት ነበር፤ ጌታ ሲወቅሰው ግን ስለ ማዕዱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ያነሣበት ለእግሩ ያላቀረበለትን ውኃና የነፈገውን ሰላምታ ነው (ሉቃ. 7፥44-45)። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይባል የለ? ያለሽን አቅርቢና ቁጭ በዪ፤ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ከየት እንደመጣ ጠይቂው። ማርታ «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ» የተባለችው (ሉቃ. 10፥41) ማስተናገዷ ተጠልቶ አይመስለኝም፤ እንግዳው ቤቷ ተቀምጦ እሷ ልቧ ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው።

ስለ ቤትሽ ጥበት ብዙ አልልም። የሰራፕታዋ መበለት ኤልያስን የተቀበለችው በእፍኝ ዱቄትና በጥቂት ዘይት ነው (1ኛ ነገ. 17፥12)።

የማታውቂው ሰው ሲመጣስ? «እንግዶችን መቀበል አትርሱ» የተባልነው (ዕብ. 13፥2) ማስተዋልን ጥለን አይደለም። ዲዳኬ የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ፣ ተዘዋዋሪ መምህር አንድ ቀን፣ ግድ ከሆነም ሁለት ቀን ይደር፤ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው ይላል። በዚያ ዘመን እንኳ በእንግድነት ስም የሚነግድ ነበር ማለት ነው። አንቺም ባለቤትሽ በሌለበት፣ ልጆች ተኝተው ሳለ የማታውቂውን ሰው ወደ ውስጥ አታስገቢ፤ በዚህ ኃጢአት የለብሽም። ውኃና የሚቀመስ ነገር በደጅ ስጪው፤ ስሙንም ጠይቂው። ማደሪያ ከፈለገ ለጎረቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያናችሁ አገልጋዮች ደውዪ፤ እነሱ እስኪደርሱ በመስኮት አጫውቺው።