የቮልስ ሞተር ወደ ኢንጀክሽን ሲቀየር፦ የፕሌነሙ ልክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ1971 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን አለኝ። ሞተሩ 1600 ሲሆን እያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሁለት የአየር መግቢያ አለው። ካርቡራተሩን አውጥቼ አራት ኢንጀክተር ልገጥምለት ነው። ከሶማሌ ተራ 60 ሚሊ ሜትር ስሮትል (ፔዳሉ ሲረገጥ ተከፍቶ አየር የሚያስገባው በር) ገዝቻለሁ። በያጁ ፕሌነሙን፣ ማለትም ከስሮትሉ የገባው አየር ለሲሊንደሮቹ የሚከፋፈልበትን ሳጥን፣ በ3 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ሊሠራልኝ ተስማምቷል፤ ግን “ልኩን አምጣ” አለኝ። ሳጥኑ ስንት ሊትር ይሁን? ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱት ቱቦዎችስ ምን ያህል ይርዘሙ? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ልኩ ይለወጣል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከቱቦው ርዝመት እንጀምር፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነው። ፒስተኑ አየር ሲስብ የሚነሳው የግፊት ማዕበል በቱቦው ሽቅብ ሄዶ ፕሌነሙ ጋ ሲደርስ ተገልብጦ ይመለሳል። ባልቦላው (አየር የሚያስገባው ቫልቭ) ሳይዘጋ ከደረሰ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ለግምት ያህል 2,590ን ከባልቦላው እስከ ፕሌነሙ ባለው ርዝመት በሜትር ያካፍሉ፤ ማዕበሉ ይበልጥ የሚጠቅምበትን የሞተር ዙር በደቂቃ ያገኛሉ። ጠቅላላ ርዝመቱ 38 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 6,800 ዙር ይወጣል። የእርስዎ ሞተር ግን ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው ከ4,000 እስከ 4,400 ባለው ስለሆነ አጭር ቱቦ ለዓይን ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። ቱቦውን 45 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት፤ ቴስታታው ውስጥ ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጨመርበት ወደ 4,900 ዙር ይወርዳል። ቦታ ካለ ከዚያም ይርዘም። አራቱም እኩል ይሁኑ፤ የውስጥ ስፋታቸው 32 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከፍታው ይህን ልክ አይነካውም፤ ማዕበሉ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው፣ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚለወጠው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም።

የሳጥኑ መጠን ከሞተሩ 1,584 ሲሲ ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው። የውስጥ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 220 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ 1.7 ሊትር ይይዛል፤ ይህ ይስማማዎታል። ላሜራው ከመቆረጡ በፊት በካርቶን ሠርተው የሞተሩን ክዳን ይዝጉበት፤ ዲናሞውንና ቺንጋውን መፍታት የማያስችል ፕሌነም በኋላ ያማርራል።

60 ሚሊ ሜትር ስሮትሉን ቢመልሱት እንመክራለን። ለዚህ ሞተር 45 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። በሰፊ ስሮትል ፔዳሉን ትንሽ ሲነኩት መኪናው ይዘላል፣ ሚኒሞውም (ፔዳሉ ሳይረገጥ ያለው ዙር) አይረጋም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አየሩ እኩል መከፋፈል። የማቀጣጠል ተራው 1-4-3-2 ነው። 4 እና 3 በአንድ ወገን፣ 2 እና 1 በሌላው ወገን ስላሉ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሲሊንደሮች ተከታትለው ይስባሉ። ስሮትሉ በሳጥኑ አንድ ጫፍ ከተበየደ የቅርቡና የሩቁ ቱቦ እኩል አያገኙም። መሃል ላይ ያግቡት፤ የአየሩ ፍሰት በቀጥታ አንድ ቱቦ አፍ ላይ እንዳያርፍም ይጠንቀቁ። የቱቦዎቹ አፍ በስለት ተቆርጦ ከሳጥኑ ግድግዳ እኩል አይቅር። ቶርኖ ቤት ጠርዙ እንደ መለከት አፍ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ እንዲሆን ያስወጡትና 10 ሚሊ ሜትር ወደ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ ከፊቱ ካለው ግድግዳ ቢያንስ 32 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የግፊት ሴንሰሩን ቀጭን ቱቦና የሚኒሞውን አየር ከሳጥኑ መሃል ይውሰዱ። ከአንዱ ቱቦ ላይ ከወሰዱ ሴንሰሩ የሚያነበው የአንድ ሲሊንደር ትንፋሽ ይሆናል።

በያጁን አጥብቀው የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ፦ ፕሌነሙን ከሁለቱ ቴስታታዎች ጋር አንድ ወጥ አድርጎ እንዳይበይደው። ሞተሩ ሲግል ሁለቱ ቴስታታዎች ይራራቃሉ፤ ወጥ የሆነው ብየዳ ይሰነጠቃል ወይም ጋስኬቱ አየር ያስገባል። ቮልስዋገን ራሱ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ታይፕ 3 መኪና ላይ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን የቦሽ ኢንጀክሽን ሲገጥም ቱቦዎቹን በጎማ ነው ያገናኘው። ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ያስገቡ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ አለዚያ ስበቱ ጎማውን ያጣብቀዋል። ኢንጀክተሮቹን ከጎማው በታች፣ ወደ ባልቦላው ጀርባ አነጣጥረው ይትከሉ፤ ቤንዚን ጎማውን አይንካ። በ3 ባር ግፊት በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ሲሲ የሚሰጡ ይበቃሉ።

ከቴስታታው ጋር የሚታሰረው ፍላንጅ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ሲበየድ ወፍራም ብረት ላይ በብሎን ይታሰር፤ ሳይቀዘቅዝ ከተፈታ ይጣመማል። ከዚያ በሞረድ ያስተካክሉት፤ ውስጡን ከብየዳ ፍርፋሪ ያጽዱ። ሁሉንም ቀዳዳ ደፍነው 0.2 ባር አየር ይንፉና የሳሙና ውሃ ይቀቡት። አንዲት አረፋ ብትታይ ይበየድ። በዚያ የምትገባው ያልተለካች አየር የአንዱን ሲሊንደር የአየርና የቤንዚን ቅልቅል ታቀጥናለች፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህን አይችልም።

ጥያቄ፦ የእኔም ቮልስ ኢንጀክሽን ነው፤ የግፊት ሴንሰር አለው። አዲስ አበባ ላይ ልኩ ተስተካክሎ ደህና ይሠራ ነበር፤ ድሬዳዋ ስወርድ ግን ፔዳሉን እስከ ታች ስረግጠው ሞተሩ ያንኳኳል።
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አዲስ አበባ ላይ ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ ቢከፈትም ሴንሰሩ የሚያነበው 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ድሬዳዋ 88 ይደርሳል። ስለዚህ በኢንጀክሽኑ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው የነዳጅ ሰንጠረዥ ከ80 በላይ ያሉትን ረድፎች ሲስተካከል ማንም አልነካቸውም፤ የድሮ ቁጥር ይዘው ቀርተዋል። ከ60 እስከ 75 ያለውን አካሄድ ተከትለው እስከ 100 ድረስ ያሳድጓቸው፤ በመጀመሪያ ቅልቅሉ ትንሽ ወፈር ይበል። በእነዚያ ረድፎች ላይ የማቀጣጠያውን ቅድሚያ (ሻማው ቀድሞ የሚተኩስበትን ልክ) 2 ወይም 3 ዲግሪ ይቀንሱ። ይህ እስኪሠራ ድረስ ፔዳሉን እስከ ታች አይርገጡ።