«ጉልበት አጣሁ» ሲባል ምን ብለን እንተርጉም? ለወጣት የሕክምና አስተርጓሚዎች

ልጆቼ፣

ሥራውን ገና የጀመረች አንዲት ልጅ ሰሞኑን «ስትሬንግዝም፣ ኢነርጂም፣ ፓወርም ያው ጉልበት አይደሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መዝገበ ቃላት ላይ ናቸው። ሐኪም ፊት ግን አይደሉም።

«ግራ እጄ ጉልበት አጣ» ያለ ታማሚ የሚያወራው ስለ ጡንቻ ስለሆነ ቃሉ ስትሬንግዝ ነው። ሐኪሙ ይህን ከ0 እስከ 5 ይለካዋል፦ 0 ከሆነ ጡንቻው ጨርሶ አይላወስም፤ 3 ከሆነ ክንዱ ብቻውን ይነሳል፣ ሐኪሙ ሲጫነው ግን ይወርዳል፤ 5 ጤነኛ ነው። «ሰውነቴ ዛለ፣ ምንም መሥራት አቃተኝ» ያለው ግን ያጣው ኢነርጂ ነው፤ ሐኪሙም ደም ማነስን፣ የታይሮይድን (የአንገት ዕጢን) ችግር፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ ድብርትን ያስባል።

አደገኛው ቃል «ድካም» ነው። አማርኛችን ዊክነስንም (የጡንቻ አቅም ማጣትን) ታየርድንም (መታከትን) በእሱ ይጠራል። ድንገት አንድ ጎኑ የደከመበትን ሰው «ታየርድ» ካላችሁት ስትሮኩ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) እንደ ተራ ድካም ወረፋ ይጠብቃል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ አትገምቱ፤ ለሐኪሙ አሳውቃችሁ «የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ?» በሉ። የዘንድሮ ልጆች ቃል ከስልክ ለማውጣት ማን ብሏችሁ! ስልኩ ግን «የትኛው እጅ?» ብሎ አይጠይቅም።

ፓወር ታማሚ ስለ ሰውነቱ ሲናገር ብዙም አይሆንም። «አይ ሃቭ ኖ ፓወር» ያለ ሰው ወይ መብራት ጠፍቶበታል፣ ወይ ሥልጣን የለውም። ፎርስም «ባይ ፎርስ» ሲባል በግድ ማለት ነው።

የአእምሮው ይከብዳል። ሜንታል ስትሬንግዝ መከራን የመቋቋም ጽናት ነው፤ ሜንታል ካፓሲቲ ግን የሕግ ቃል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ የሚያየው ሰውየው የተነገረውን መረዳቱን፣ በአእምሮው መያዙን፣ ማመዛዘኑንና ውሳኔውን በቃል ወይም በምልክት መግለጹን ነው። የሚመዘነውም ለዚያ ለአንዱ ውሳኔ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከተባለው አትውጡ እላለሁ፤ እዚህ ላይ ግን «የአእምሮ አቅም አላቸው ወይ?» ብላችሁ ቃሉን ብቻ ብትገለብጡት ቤተሰቡ አባታችንን እብድ አሏቸው ብሎ ይቆጣል። «ይህን ውሳኔ ራሳቸው መወሰን ይችላሉ ወይ?» በሉት።

የመድኃኒት ስትሬንግዝ ደግሞ 250 ወይም 500 ሚሊ ግራም የሚለው መጠኑ ነው። «ጠንካራ መድኃኒት» ካላችሁት ታማሚው ፈርቶ ኪኒኑን ለሁለት ሊሰብረው ይችላል።